የወፍጮው ባቡር በላስታ ደጋ

እንጀራ በማዕድ ላይ በቀረበ ጊዜ የሚበላው ሰው አብዝቶ የሚያስበው የአራሹን ድካም ነው። በሬውንና ሞፈሩን፣ ዝናሙንና ውርጩን ያስባል። ነገር ግን በዐውድማውና በምጣዱ መካከል ሌላ ድካም አለ፤ ይኸውም የወፍጮ ድካም ነው። ይህ ድካም በኢትዮጵያ ደጋ ከጥንት ጀምሮ በሴቶች ክንድና ወገብ ላይ ተጭኖ ስለ ኖረ፣ በነገሥታት ዜና መዋዕልም ሆነ በጦርነት ታሪክ ውስጥ ብዙ አልተጻፈለትም። እንግዲህ የወፍጮ ሞተር ታሪክ የብረት ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ይህ ሸክም ከሰው ወርዶ ወደ ብረት እንዴት እንደ ተሻገረ የሚያስረዳ ታሪክ ነው። ያረጀውን ሞተር አድሶ ወደ ሥራው መመለስም ከዚሁ ታሪክ የማይለይ ጕዳይ ነው።

ላስታ በሰሜን ወሎ የሚገኝ፣ ገደልና አምባ የበዛበት አገር ነው። የላሊበላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች፤ በአቅራቢያዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። በደጋው ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ይዘራል፤ ወደ ተከዜ በሚወርደው ቈላማ አገር ማሽላና ጤፍ ይበቅላል። ይህ ሁሉ እህል ዱቄት የሚሆነው ዘንበል ብሎ በተቀመጠ ሰፊ ድንጋይ ላይ፣ መጅ በሚባል ትንሽ ድንጋይ እየታሸ ነበር። ሴቲቱ መጁን በሁለት እጅዋ ይዛ በሰውነትዋ ክብደት ትገፋዋለች፤ መልሳም ወደ ራስዋ ትስበዋለች። እህሉ በመጀመሪያ ይሸረከታል፣ ቀጥሎ ይደቃል፣ በመጨረሻም ይልማል። ቤተ ሰቡ ከእንቅልፉ ሳይነቃ ዱቄቱ ይደርስ ዘንድ ብዙዎች ሥራውን የሚጀምሩት ገና ዶሮ ሳይጮኽ ነበር።

ድንጋዩም ሲሠራ ይለሰልሳል፤ ከለሰለሰም እህሉን መፍጨቱን ትቶ ማንከባለል ይጀምራል። ስለዚህ በየጊዜው በሾለ ብረት እየተመታ ገጹ ይሻክራል፤ ይህም ሥራ ወፍጮ መውቀር ይባላል። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ሕዝቡ ውቅር ብሎ የሚጠራበት ቃልና ባልቴቲቱ ወፍጮዋን ስታስወቅር የምትናገረው ቃል አንድ ግስ ነው። ዓለም የሚያደንቀው የሕንጻ ጥበብና በየጓዳው የነበረው የዕለት ሥራ በላስታ አፍ በአንድ ስም ይጠሩ እንደ ነበር አንባቢ ልብ ሊለው ይገባል።

የወፍጮን ዋጋ የቀደሙት ሰዎች ያውቁት ነበር። በኦሪት ዘዳግም ወፍጮንም ሆነ መጁን በመያዣ መውሰድ የተከለከለው የቤተ ሰቡ ሕይወት በእርሱ ላይ ስለ ቆመ ነው። በኢትዮጵያም ሠራዊት በዘመተ ጊዜ ከጦረኛው ኋላ ስንቅ የሚፈጩና የሚጋግሩ ሴቶች ይከተሉ ነበር፤ ያለ እነርሱ አንድ ጭፍራ ለረጅም ጊዜ ሊዘምት ባልቻለም ነበር። የሆነ ሆኖ ሥራው በጣም የሚያደክም ስለ ሆነ፣ አቅም ያለው ሰው ለሠራተኛ ይተወው ነበር። አቅም የሌላት ግን እስከ እርጅናዋ ድረስ ከወፍጮዋ አልተለየችም።

ድንጋይን በእሳት ኀይል የማዞር ሐሳብ የመጣው ከሩቅ አገር ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1712 ዓመት ቶማስ ኒውኮመን የተባለ እንግሊዛዊ ከማዕድን ጕድጓድ ውሃ የሚቀዳ የእንፋሎት መኪና ሠራ። ከእርሱ በኋላ ጄምስ ዋት አሻሽሎት፣ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ይነቃነቅ የነበረውን ኀይል መንኰራኩር የሚያዞር አደረገው። በ1786 በለንደን ከተማ አልቢዮን የተባለ ትልቅ ወፍጮ ቤት በእንፋሎት እህል መፍጨት ጀመረ፤ ዳሩ ግን አምስት ዓመት ሠርቶ በ1791 በእሳት ወደመ። ከዚያ በኋላ በ1876 ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ እሳቱን ከውጭ ባለው ምድጃ ሳይሆን በራሱ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚያነድና በአራት ምት የሚሠራ ሞተር አወጣ። በ1897 ደግሞ ሩዶልፍ ዲዝል በአውግስቡርግ ከተማ 20 የፈረስ ጕልበት ያህል የሚሰጥ ሞተር ሠርቶ አሳየ። የዲዝል ሞተር እሳት የሚለኵስ ካንዴላ የለውም፤ አየሩ እጅግ ሲጨመቅ ይግላል፣ በጋለውም አየር ላይ ነዳጁ ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። የዚህ ሥራ ቀላልነት ከከተማ ርቆ ለሚኖር ወፍጮ ቤት የተመቸ አደረገው።

ኢትዮጵያ ይህን ጥበብ ለማግኘት የደከመችው ብዙዎች ከሚያስቡት ቀድሞ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ጥበብ ዐዋቂዎችን ሰብስበው 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠሩ። ከእንግሊዝ መንግሥትም ባለሙያዎችና የሥራ መኪናዎች ይላኩላቸው ዘንድ ጠየቁ። በ1866 ገደማ በአውሮፓ አቈጣጠር ሠራተኞቹና ዕቃው እስከ ምጽዋ ድረስ ቢደርሱም፣ በእስረኞች ምክንያት በተነሣው ጠብ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ሳይደርሱ ተመለሱ። በ1868 የጄኔራል ናፒየር ሠራዊት በዙላ ባሕር ዳርቻ በወረደ ጊዜ ግን የእንፋሎት ኀይል በብዛት መጣ። የባሕሩን ውሃ እያተነነ የሚያጣራ መኪና ቆመ፤ ዕቃ የሚያመላልስ አጭር የባቡር ሐዲድም ተዘረጋ። ሠራዊቱ ወደ መቅደላ ሲወጣ በላስታ ደጋ በኩል አልፏል፤ ይዞት የሄደው ግን ዝሆንና በቅሎ እንጂ ሞተር አልነበረም። ብረቱ ከባሕሩ ዳርቻ ቀረ፤ የላስታ ሴቶችም እህላቸውን እንደ ቀድሞው በመጅ መፍጨታቸውን ቀጠሉ።

በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በ1896 ዓ.ም. ገደማ ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለ አርመናዊ መንገድ የሚደመድም ከባድ የእንፋሎት መኪና ወደ አዲስ አበባ አስመጣ፤ ሕዝቡም የሰርኪስ ባቡር ብሎ ጠራው። በ1904 ዓ.ም. ገደማ በአቃቂ ወንዝ ላይ በውሃ ኀይል የኤሌክትሪክ ብርሃን የሚሰጥ መኪና ተተከለ። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡርም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ከዚህ ሁሉ መኪና የማያንስ ሥራ ግን ንጉሠ ነገሥቱ በ1900 ዓ.ም. ያወጡት ዐዋጅ ነው፤ በእርሱም ቀጥቃጩንና ሌላውን የእጅ ሠራተኛ በሥራው ምክንያት መስደብን ከለከሉ። ብረት የሚያቀልጠውን ሰው ቡዳ እያለ የሚሸሽ አገር የብረት መኪና ቢገዛም የሚጠግንለት ሊያገኝ አይችልምና።

ባቡር የሚለው ቃል ራሱ ታሪክ አለው። መነሻው እንፋሎት ማለት የሆነው የፈረንሳይ ቃል ነው፤ ከዚያ በቱርክና በዐረብ አፍ አልፎ ወደ አማርኛ ገባ። በከተማ ሰው ዘንድ በሐዲድ ላይ የሚሄደውን ብቻ የሚያመለክት ቢመስልም፣ በገጠር ግን እህል የሚፈጨው ሞተር ባቡር ተብሎ ኖሯል። እህሉን ባቡር ወሰደችው የተባለ እንደ ሆነ ወደ ወፍጮ ቤት ሄደች ማለት ነው። ሞተሩ እንፋሎትን ትቶ ናፍጣ ከጠጣ በኋላ እንኳ ስሙ አልተለወጠም።

የሞተሩ አካላት ስም ደግሞ ሌላ ዘመን ይመሰክራል። በኢጣልያ ወረራ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ ከአስመራ በወልድያና በደሴ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚያልፈው መንገድ ለከባድ ተሽከርካሪ ተሠራ፤ በመንገዱም የጥገና ቤቶች ተከተሉ። ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች በእነዚያ ቤቶች ሥራውን ከስሙ ጋር ተማሩ። ዛሬም መካኒኩ በፒስተኑ ላይ ያለውን ቀለበት ፋሻ፣ የሲሊንደሩን ክዳን ቴስታታ፣ ኀይል የሚያሻግረውን ጠፍር ቺንጋ፣ ማስነሻውን እጀታ ማኖቬላ ይላል፤ ሁሉም ከኢጣልያ ቋንቋ የመጡ ናቸው። ጠላት ሄደ፤ ሙያው ግን በተማሩት እጅ ቀረ። ስለዚህ አንድ የወፍጮ ቤት ሞተር ሲፈታ ስሙ ብቻ እንኳ የአገሪቱን መቶ ዓመት ታሪክ ያነባል።

ወደ ላስታ ግን ሞተር የደረሰው ዘግይቶ ነው። ምክንያቱም የመንገድ እጦት ነበር። ወደ ላሊበላ የሚሄድ ሰው ለረጅም ዘመን ገደሉን በበቅሎ ይወጣና ይወርድ ነበር። በቅሎ ደግሞ አንድ ኩንታል ያህል ትጭናለች እንጂ የሞተር መንኰራኩር አትሸከምም። በደርግ ዘመን በቻይናውያን የተሠራው ከወልድያ ወደ ወረታ የሚያልፈው መንገድ ጋሸናን ሲያገኝ፣ ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚገባው ጐዳና ከትልቁ መንገድ ጋር ተያያዘ። መንገድ በደረሰበት ናፍጣ ደረሰ፤ ናፍጣ በደረሰበት የወፍጮ ቤት ድምፅ ተሰማ። በገበያ ቀን እህሏን በአህያ ጭና ወይም በጀርባዋ አዝላ ሁለት ሰዓት የምትሄድ ሴት መንገዱ ቢያደክማትም አልተመለሰችም፤ በድንጋይ ከመፍጨት ይሻላታልና።

በኢትዮጵያ ወፍጮ ቤቶች ከታወቁት ሞተሮች አንዱ ሊስተር የሚባለው የእንግሊዝ ሥራ ነው። የሊስተር ፋብሪካ በ1867 በአውሮፓ አቈጣጠር በደርስሊ ከተማ የተመሠረተ ሲሆን፣ በ1920ዎቹ መጨረሻ ያወጣው ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር በብዙ አገሮች ተሰራጨ። ባለ 6 ፈረስ ጕልበቱ ሞተር የሲሊንደሩ ስፋት 114 ሚሊ ሜትር ያህል፣ የፒስተኑ ጕዞ 140 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በደቂቃም 650 ጊዜ ብቻ ይዞራል። ይህ ዝግታው ዕድሜውን አረዘመው። በሁለቱ ጐኖቹ ያሉት ከባድ መንኰራኩሮች በአንዱ ፍንዳታ የተገኘውን ኀይል አጠራቅመው እስከ ሚቀጥለው ያደርሱታል። በአራት ምት የሚሠራ ስለ ሆነ በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ይፈነዳል፤ ይኸውም በደቂቃ 325 ጊዜ ማለት ነው። በሩቅ የሚሰማው ያ የማያቋርጥ ምት ለመንደሩ ሰው ወፍጮ ቤቱ መከፈቱን የሚያበስር ደወል ነበር።

ነገር ግን ብረትም ያረጃል። ፋሻው ይበላል፣ ቫልቩ መግጠም ያቅተዋል፣ የውሃው መተላለፊያ በዝቃጭ ይደፈናል፣ አቧራና ዱቄት ከዘይት ጋር ተለውሶ ይጋገራል። ይልቁንም ሞተርን የሚገድለው እርጅናው ሳይሆን ያለ ዕውቀት የሚደረግለት ጥገና ነው። ያልላላውን በመዶሻ መምታት፣ ያልገጠመውን በሲሚንቶና በጨርቅ መድፈን፣ የደከመውን ሞተር ነዳጅ እያበዙ ማስጮኽ ለአንድ ወር ያሠራ ይሆናል፤ በሁለተኛው ወር ግን ሊመለስ የማይችል ጕዳት ያመጣል። አባቶች ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት ለዚህም ሥራ የተነገረ ይመስላል።

የእድሳት ሥራ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ የላስታ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ምሳሌው በደጁ አለ። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽና ከዚያ በፊት በተደረገላቸው ጥገና ዝናም እንዳይገባቸው ተብሎ በአንዳንዶቹ ላይ ሬንጅ የመሰለ ቅባትና ቀይ ቀለም ተቀብቶባቸው ነበር። አሳቡ መልካም ነበር፤ ዳሩ ግን ድንጋዩ የሚተነፍስበትን ዘግቶ እርጥበቱን በውስጥ አስቀረው። በ1966 በአውሮፓ አቈጣጠር የጀመረው፣ ኢጣልያዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የመራው እድሳት ከዋና ሥራዎቹ አንዱ ይህን የተቀባ ነገር ማንሣት ነበር። ከዚያም በ1978 ዩኔስኮ እነዚህን አብያተ ክርስቲያናት በዓለም ቅርስነት መዘገባቸው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። እድሳት ከመጨመር በፊት መቀነስ ነው፤ የመጀመሪያውን ሠሪ አሳብ ለማየት የኋለኞቹን ስሕተት በትዕግሥት ማንሣት ያስፈልጋል።

ሞተርም እንዲሁ ነው። ለብዙ ዓመት ቆሞ የዛገ ሞተር በተገኘ ጊዜ ልምድ ያለው መካኒክ በመጀመሪያ ሊያስነሣው አይሞክርም፤ መንኰራኩሩን በእጁ ቀስ ብሎ ይሞክራል። አልዞር ካለ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ተያይዟልና፣ ላምባና ቀጭን ዘይት አፍስሶ ለቀናት ይተወዋል። ከዚያ በኋላ በእንጨት እያስደገፈ ጥቂት ጥቂት ያነቃንቀዋል። ከዚያም ይፈታዋል፤ የፈታውን እያንዳንዱን ክፍል ከየት እንደ ወጣና በየትኛው ጐኑ እንደ ነበረ ምልክት ያደርግበታል። ለዓመታት አብረው የሠሩ ሁለት ብረቶች አንዱ የሌላውን መልክ ይዘዋልና፣ ቢቀያየሩ አይስማሙም።

ቀጥሎ መለካት ይመጣል። የሲሊንደሩ ግድግዳ በላይኛው ክፍል ይበልጥ ይበላል፤ ስለዚህ በላይም በታችም ይለካል። ፋሻው ከፒስተኑ ወጥቶ በሲሊንደሩ ውስጥ ብቻውን ሲገባ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት ይታያል። ለሲሊንደሩ ስፋት ለየ100 ሚሊ ሜትሩ የአንድ ሚሊ ሜትር ሲሶ ያህል ክፍተት በቂ ነው። ክፍተቱ ከዚህ እጅግ ከሰፋ የተጨመቀው አየር ያመልጣል፤ ከጠበበም ብረቱ ሲግል ጫፎቹ ተጋጭተው ግድግዳውን ይቧጭራሉ። ቫልቮቹም ከመቀመጫቸው ጋር በደቃቅ መሞረጃ እየተሹ፣ ዙሪያቸውን የማይቋረጥ ዳማ መስመር እስኪያሳይ ድረስ ይገጠማሉ። መግጠማቸውን ለማወቅ ላምባ ይፈስባቸዋል፤ ካንጠባጠበ ሥራው አላለቀም።

የናፍጣው መንገድ ከሁሉ ይልቅ ንጽሕና ይፈልጋል። በፓምፑና በመርጫው ውስጥ ያሉት ብረቶች እጅግ ተቀራርበው የተሠሩ ስለ ሆኑ፣ በዐይን የማይታይ አቧራ እንኳ ያበላሻቸዋል። መርጫው ሲፈተን ነዳጁን እንደ ጉም ሊበትነው ይገባል፤ እንደ ክር ቢያፈስሰው ወይም ቢያንጠባጥበው ሞተሩ ያንኳኳል፣ ያጨሳልም። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባል፤ ከመርጫው የሚወጣው ነዳጅ ቆዳ የሚበሳ ኀይል አለውና እጅን ፊት ለፊቱ ማድረግ አይገባም። ነዳጁ የሚረጭበትም ሰዓት ልክ አለው፤ በሊስተሩ ሞተር ፒስተኑ ከላይኛው ጫፍ ሳይደርስ 20 ዲግሪ ያህል ሲቀረው ነው። ከዚህ ቢቀድም ብረቱ ይመታል፤ ቢዘገይ ኀይሉ በጭስ ማውጫው ይባክናል።

ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ የላስታ ሞተር ከሌላው አገር ሞተር የሚለይበት ነገር ይመጣል፤ ይኸውም አየሩ ነው። በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በ3,000 ሜትር ደግሞ ከመቶ 70 ያህል ይሆናል። ሞተሩ በአንድ ስበት የሚያስገባው አየር በዚያው መጠን ይቀንሳል። እሳትም ያለ አየር አይነድም። ስለዚህ በእንግሊዝ አገር 6 የፈረስ ጕልበት የሰጠ ሞተር በላሊበላ አራት ተኩል ያህል ቢሰጥ ሰነፈ አይባልም፤ የተሰጠውን አየር ያህል ሠርቷልና። ይህን ያላወቀ ሰው ሞተሩ ደከመ ብሎ ነዳጁን ይጨምርለታል። ነዳጁ ግን የሚነድበት አየር ስለማያገኝ ጥቍር ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ጥቀርሻው ፋሻውን ያጣብቃል፣ ቫልቩን ያቃጥላል፣ ገንዘቡም በጭስ ማውጫው ይበንናል።

ስለዚህ በደጋ አገር ሞተርን ማስተካከል ማለት በአብዛኛው ነዳጁን መወሰን ማለት ነው። ሞተሩ ሙሉ ሸክም ተሸክሞ እየሠራ ሳለ ጭሱ ይታያል፤ ጥቍሩ ጭስ እስኪጠፋ ድረስ የነዳጁ ወሰን ይቀነሳል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማይጠፋ ነጭ ጭስ ነዳጁ ሳይነድ መውጣቱን ያመለክታል። የወፍጮው ድንጋይና የቺንጋው መንኰራኩርም ለአራት ተኩል ፈረስ እንጂ ለስድስት እንዳይለኩ ማስተዋል ይገባል። ውሃም በዚያ ከፍታ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ የማቀዝቀዣው በርሜል ቶሎ ይጐድላልና ጠባቂው ዐይኑን ሊያነሣበት አይገባም። በላስታ ብርድ ማለዳም ያረጀ ፋሻ ያለው ሞተር አየሩን በቂ አድርጎ ስለማይጨምቅ አልነሣ ይላል፤ ለዚህ መድኀኒቱ ነዳጅ መጨመር ሳይሆን ፋሻውን መለወጥ ነው።

ሞተሩ ቢስተካከልም ድንጋዩ ካልተወቀረ ጥቅም የለውም። ባቡር ወፍጮም እንደ ጓዳው ወፍጮ ድንጋዩ ይለሰልሳል፤ ዱቄቱም እየጋለ ይወጣል፣ ሞተሩም በከንቱ ይለፋል። ስለዚህ ወፍጮ ቤቱ በየጊዜው ይዘጋና ሠራተኛው በመሮ ድንጋዩን ይወቅራል። የጥንቱ ሙያ በአዲሱ መኪና ውስጥ እንዲህ ሆኖ ይኖራል። ደግሞም ሊዘነጋ የማይገባ ጥንቃቄ አለ፤ በሚዞረው ቺንጋና መንኰራኩር ዙሪያ አጥር ሊደረግ ይገባል። ነጠላ የለበሰች ሴትና ዱቄት የሚጠባበቅ ሕፃን በሚሰበሰቡበት ጠባብ ቤት የጨርቅ ጫፍ በቺንጋ የተያዘ እንደ ሆነ፣ የሰው ክንድ ለማዳን የመጣው ሞተር ክንድ ሊወስድ ይችላልና።

ምናልባት አንድ ሰው የመብራት ወፍጮ ባለበት ዘመን ስለ አሮጌ ሞተር መድከም ለምን ያስፈልጋል ይል ይሆናል። ነገሩ በከፊል እውነት ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ጭስ የለውም፣ ጥገናውም ያነሰ ነው። ነገር ግን ኀይሉ በሩቅ ሽቦ የሚመጣ ስለ ሆነ፣ ሽቦው የተቈረጠ ቀን ሁሉም በአንድነት ይቆማል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ በደረሰ ጊዜ ከተማይቱና አካባቢዋ ለብዙ ወራት የኤሌክትሪክ ብርሃን አጥተው ኖረዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ጨለማው ከሚያስጨንቀው ይልቅ የወፍጮው መቆም ያስጨንቃል። መብራት ቢጠፋ ሰው በጨለማ ይቀመጣል፤ ወፍጮ ቢቆም ግን ጥሬ በጐታ ሞልቶ ሳለ ልጆች ይራባሉ፤ ወይም የተጣለው መጅ ከቤቱ ማዕዘን ተፈልጎ ይመጣል፣ ሸክሙም ወደ ቀድሞዎቹ ክንዶች ይመለሳል። ያን ጊዜ በአንድ ጄሪካን ናፍጣ የሚነሣ፣ የመንደሩ ሰው የሚጠግነው ሞተር ቅርስ ብቻ ሳይሆን ስንቅ ነው።

በኢትዮጵያ አሮጌ የኀይል መኪና ታድሶ ወደ ሥራው የተመለሰበት ምሳሌም አለ። በአዲስ አበባ አጠገብ ያለው የአባ ሳሙኤል የውሃ ኀይል ማመንጫ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ቆሞ ከኖረ በኋላ፣ በ2016 በአውሮፓ አቈጣጠር ታድሶ እንደ ገና ኤሌክትሪክ መስጠት ጀምሯል። በመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚሠሩት የእጅ ጥበብ ሰዎችም ሌላው የጣለውን ብረት አንሥተው ለአገልግሎት ያበቃሉ። ይሁን እንጂ ብዙ የወፍጮ ሞተር በኪሎ ተመዝኖ ለቁራሌ ይሸጣል። ሲሸጥ የሚጠፋው ብረቱ ብቻ አይደለም፤ ድምፁን ሰምቶ በሽታውን የሚያውቅ ጆሮ፣ ጭሱን አይቶ ነዳጁን የሚመጥን ዐይንም የሚማርበት መጽሐፍ አጥቶ አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ በየአውራጃው ከቆሙት አሮጌ ሞተሮች ጥቂቶቹ በሙያ ትምህርት ቤት ውስጥ ቢቀመጡ፣ ተማሪዎችም እየፈቱና እየገጠሙ ቢማሩባቸው፣ የሸመገሉትም መካኒኮች ሳያልፉ የሚያውቁትን በቃልና በጽሕፈት ቢያስተላልፉ፣ ወጪው አነስተኛ፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ይሆናል። አዲስ ሞተር የገዛ ሰው ሞተሩን ብቻ ያገኛል፤ አሮጌውን ያደሰ ሰው ግን ሞተሩንም ዕውቀቱንም ያገኛል።

የላስታ አባቶች ዐለትን ወቅረው ቤተ መቅደስ አደረጉት፤ የላስታ እናቶች ድንጋይን አስወቅረው ሕዝቡን መገቡበት። ብረቱ ከኋላ መጥቶ የእናቶችን ድካም ተሸከመ፤ አሁን ግን እርሱም ደክሟል። ድካማቸውን የወሰደላቸውን ብረት በዕውቀትና በትዕግሥት ማደስ የዚህ ዘመን ልጆች ፈንታ ነው። መጁ በቤቱ ማዕዘን እንደ ተቀመጠ ይቀመጥ፤ ልጆች እያዩት ይጠይቁበት እንጂ ዳግመኛ ሌሊት በእርሱ ላይ የምትጐነበስ እናት አትኑር።